የተሸረፈው አረንጓዴ ስኒ

ጡረታ የወጣው የስልክ መስመር ሠራተኛ አንድ ድረ ገጽ ነበረው። ድረ ገጹ ስለ ስኒ ነው። የሚጠጣበት ስኒ አይደለም፤ ድሮ በስልክ ምሰሶ አናት ላይ ተደፍቶ ሽቦ ይታሰርበት የነበረው ወፍራም የብርጭቆ ስኒ ነው። ሽቦው መሬት ውስጥ ሲቀበር ስኒዎቹን ጣሏቸው። እሱ ለቀማቸው።

የሳሎኑ ግድግዳ ላይ መቶ አሥራ ሁለት ስኒዎች ተደርድረዋል። እያንዳንዱን ፎቶ አንስቶ፣ ከየትኛው ምሰሶ እንደወረደ በአንድ ጣቱ ፊደል እየለቀመ ጽፎበታል። እቤት ውስጥ ግን ቃል ቆጣቢ ነው። "አቅርቢ"፣ "ዝጊ"፣ "መጣሁ"፤ ቀኑ በዚህ ያልፋል። ድረ ገጹ ላይ ስለ አንድ ስኒ ሁለት ገጽ ይጽፋል።

ሚስቱ ፊደል አልቆጠረችም፤ ስለዚህ ምን እንደሚጽፍ ጠይቃው አታውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ስኒዎቹን በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት፣ ልጃቸው የላከችላትን ስልክ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ፣ ከጤና ጣቢያው ጎን ወዳለው አዳራሽ ስፌት ልትማር ትሄዳለች። ከጀመረች አምስት ወር ሆናት። የባሏ ሱሪ ጠርዝ ግን ዛሬም የተያዘው በመርፌ ቁልፍ ነው።

ድረ ገጹን በቀን ሦስት ሰው ቢያየው ነው፤ ቢበዛ አራት። ከሁለት ወር በፊት አንድ አዲስ ጎብኚ መጣ። ስሙን አልጻፈም። መልእክቱ አንድ መስመር ነበር፦ "አረጓዴው ስኒ የት ነው ያወረዱ"።

ሰውየው ለብቻው ሣቀ። ይሄስ ትምህርት ቤት በደጁም አላለፈ አለ። ቢሆንም ጠያቂ አይናቅም ብሎ መለሰለት፦ ከወንዙ ማዶ፣ ከረጅሙ ምሰሶ ላይ ነው።

በሳምንቱ ደግሞ መጣ። አሁን ፊደሉ ተሻሽሏል። ያን ቀን ዝናብ ነበር ወይ ይላል። ነበር አለው። በሦስተኛው ሳምንት፣ "ከንፈሩ ላይ የተሸረፈው እንዴት ነው?" ብሎ ጻፈ።

ሰውየው ከወንበሩ ተነሣ። ሽርፉ የዞረው ወደ ግድግዳው ነው። ፎቶው ላይ አይታይም። እሱም አንድ ቀን ጽፎት አያውቅም።

ከዚያ ወዲያ ዕረፍት አጣ። በሩን ይቆልፋል፣ ይቀመጣል፣ መቆለፉን ሊያይ ይነሣል። ኮምፒውተሩን ይዘጋል፣ መልሶ ይከፍታል። መልእክቶቹ የመጡበትን ቀን አንድ በአንድ አየ። ሁሉም ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ናቸው፤ እሱ ብቻውን እቤት በሚሆንበት ሰዓት። ቤቴን የሚሰልል ሰው አለ አለ።

ማታ ራት ላይ ለሚስቱ ነገራት።

"አረንጓዴውን ሊሰርቁኝ ነው።"

በዚያ ሳምንት ካወራት ሁሉ ረጅሙ ይህ ነበር።

"ከመቶ አሥራ ሁለት አንዱ ቢሄድስ?"

"እሱ ይለያል።"

"በምን?"

ሳህኑን ገፋ አድርጎ ተነሣ።

ከቤተሰቡ ሌላ ስኒዎቹን በእጁ የነካ አንድ ሰው ብቻ አለ። እሱም አምና ሳሎኑን የቀባው ቀለም ቀቢ ነው፤ ሠላሳ ዓመት አብረው ዳማ የተጫወቱ ወዳጁ። ሁሉንም አውርዶ መልሶ የደረደረው እሱ ነው። ሰውየው ቀቢው ወደሚሠራበት ቤት ሄዶ በግልጽ ጠየቀው። ቀቢው መሰላሉ ላይ እንዳለ ሣቀ።

"ወንድሜ፣ ያንተ ስኒ ቢቀዱበት አይቆም፣ ቢደፉት አይከድን። ሌባ ብሆን ድስትህን ነው የምወስደው።"

ሰውየው አልሣቀም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳማው ቀረ፤ ሰላምታውም ቀረ። እቤት ገብቶም መስኮት ለመስኮት መመላለስ ሆነ። ደግነቱ ሰሞኑን ሚስቱ የመድኃኒቷን ወረቀት አንብብልኝ ብላ አታስቸግረውም።

የመጨረሻው መልእክት ማክሰኞ መጣ። አንድም ግድፈት የለበትም። "አረንጓዴውን ለማን ብለው ነው ያወረዱት? ሌላ አልጠይቅም።"

ሰውየው ብዙ ጊዜ አየው። ያን ምሰሶ የወጣ ቀን ሥራ ላይ አልነበረም፤ ዕለቱ እሑድ ነበር። ይህን ማንም አያውቅም ብሎ ነው የኖረው። ስኒውን አውርዶ በእጁ አገላበጠውና ወደ ቦታው መለሰው።

ከዚያ ወጥመድ አጠመደ። እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ "ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት ቤቴ መጥተው ይዩት። ያን ጊዜ ለማን እንደሆነ እነግርዎታለሁ።" አድራሻውን ሆን ብሎ ተወው። ቤቴን ሳልነግረው የመጣ እሱ ሌባው ነው አለ። እሱን ካስያዝኩ በኋላም ድረ ገጹን እዘጋለሁ፣ ስኒዎቹን በካርቶን አስሬ ጣራ ሥር እከታለሁ ብሎ ቆረጠ።

ሐሙስ ሚስቱ ከወትሮው ቀደም ብላ ወጣች። አዲሱን ሹራቧን ለብሳለች። ዛሬ ፈተና አለ ወይ አላት። አለ አለችው።

በስምንት ተኩል በሩን ከውስጥ ቆለፈ። የድሮውን የሽቦ መቁረጫ ጉጠት በቀኝ እጁ፣ የፖሊስ ጣቢያው ቁጥር የወጣበትን ስልክ በግራ እጁ ይዞ ከበሩ ኋላ ቆመ። ተቀመጠ። ተነሣ። አረንጓዴው ስኒ በቦታው መሆኑን ሁለት ጊዜ አየ።

ልክ በዘጠኝ ሰዓት በሩ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። መጣልኝ ብሎ ጉጠቱን ከፍ አደረገና መዝጊያውን በአንድ ጊዜ በረገደው።

ቁልፏን በእጇ ይዛ ደጁ ላይ የቆመችው ሚስቱ፣ "እሺ፣ ለማን ነበር?" አለችው።