ሁለት የፊት ገጽ

ዋና አዘጋጁ በዚያን ዕለት ካፖርቱን ከመስቀያው ላይ አጥቶ በሹራብ ብቻ ነበር ቢሮ የገባው። ጠዋቱን ብርዱን ሲራገም ቆየ። አምስት ሰዓት ላይ ግን ብርዱም ተረሳ። አንድ ሰው አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ ተኩስ ከፍቶ ዘጠኝ መንገደኞች ገደለ።

ጋዜጣው ለእንዲህ ያለ ቀን የራሱ አሠራር አለው። ገጽ አቀናባሪዋ ሁለት የፊት ገጽ ታዘጋጃለች። ገዳዩ ከወንዙ ማዶ ከሆነ «አሸባሪው» የሚለው ይወጣል፤ ከወዲህ ከሆነ «ሕመምተኛው ወጣት» የሚለው። ስሙ እስኪታወቅ ሁለቱም ኮምፒውተሯ ላይ ጎን ለጎን ይቆያሉ። ዘዴውን ያመጣው ዋና አዘጋጁ ራሱ ነው፤ ይኮራበታልም።

ሚስቱ ደወለች።

«ልጃችን ስልክ አያነሳም። ጠዋት ወደ መናኸሪያ እሄዳለሁ ብሎኝ ነበር።»

«ባትሪው አልቆ ይሆናል» አላት። ልጁ ከትምህርት ቤት ከተባረረ ወዲህ አባትና ልጅ በቅጡ ተነጋግረው አያውቁም። ያ ሁሉ ኩርፊያ አሁን አንገበገበው።

ዘጋቢው ከመናኸሪያው ደወለ።

«ጋሼ፣ ፖሊስ ይዞታል፤ ስሙን ግን አልተናገሩም። ቲኬት ቆራጯ አይታዋለች። ከቁመናው የሰፋ ካፖርት ለብሶ፣ እጅጌውን ሁለቴ አጥፎ...»

«የካፖርት ወሬ ምን ይረባኛል? ከማዶ ነው አይደለም?»

«እሱን አላወቀችም።»

«ከማዶ ነው! ሌላ ማን እንዲህ ይጨክናል?» ድምፁ ዝቅ አለ። «ከሟቾቹ መሀል... ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው ልጅ አለ?»

«አላየሁም ጋሼ። ሸፍነዋቸዋል።»

ስልኩን ዘጋ። «አሸባሪው» በሚለው ገጽ ላይ «አውሬ» የሚል ቃል ጨመረ። አልበቃውም። ከሥሩ «ያሳደጉት ወላጆችም ይጠየቁ» ብሎ ጻፈ።

«ጋሼ፣ ስሙ ሳይመጣ?» አለች ገጽ አቀናባሪዋ።

«በአሥር ደቂቃ ውስጥ ማተሚያ ቤት ይግባ።»

ስልኩ እንደገና ጮኸ። የማያውቀው ቁጥር ነው።

«የፖሊስ ጣቢያ አዛዥ ነኝ። ስለ ልጅዎ ነበር...»

«ሞተ?»

«የለም፣ በሕይወት አለ። አንድም ጭረት የለበትም።»

«ተመስገን! ተመስገን!» ወንበሩ ላይ ዘጭ ብሎ አለቀሰ። ገጽ አቀናባሪዋም አብራው አለቀሰች። አዛዡ ግን ገና አልጨረሰም ነበር። ዋና አዘጋጁ ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

ከዚያ ፊቱን በሹራቡ እጅጌ ጠረገ።

«ያን ገጽ አውርጂው» አላት፤ «‹ሕመምተኛው ወጣት› የሚለው ይውጣ።»