ዐሥራ አራተኛው መስመር

ስሌቱ ስህተት ነው። ዐሥራ አራተኛው መስመር ላይ መደመር መሆን የነበረበት ምልክት መቀነስ ሆኗል፤ የአምስት ዓመት የዶክትሬት ሥራዋ የቆመውም በዚያ መስመር ላይ ነው። መስመሩ ያለበትን ቀመር አማካሪዋ ፕሮፌሰር መጀመሪያ ለአቶም ኒውክሊየስ አወጡት፤ ተማሪዎቻቸው ወደ ፈሳሾች ወሰዱት፤ እሷ ደግሞ ወደ ፕሮቲን። የመምህርን ቀመር ከሥሩ ጀምሮ ደግሞ ማስላት እንደ ድፍረት ስለሚቆጠር ማንም አልነካውም ነበር።

«እንዴት ብዬ ነው ነገ ፈታኞች ፊት የምቆመው?» አለች ፕሮፌሰሩ ቢሮ ገብታ።

«ሠላሳ ዓመት ሰው ያላየውን አንቺ አየሽ፣ የኔ ሊቅ?» ፕሮፌሰሩ ሳቁ።

«እንግዲያው ቀመሩን ያወጡበትን የመጀመሪያውን ደብተር ያሳዩኝ።»

ሳቃቸው ቆመ። ከመሳቢያቸው ያረጀ ደብተር አወጡና ገጹን ሳይፈልጉ ገለጡላት። የመቀነስ ምልክቱ በቀይ ተከቧል። ከሥሩ ሁለት ፊርማ አለ፤ አንዱ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የዶክተር ሰዋለም፣ ሌላው ነገ የሚፈትኗት የዶክተር ንጋቱ።

«እነሱም እንዳንቺ በዋዜማው ነው የመጡት» አሉ። «ፈረሙ፤ ዝም አሉ፤ ተመረቁ።» እስክሪብቶ አቀበሏት።

ሁለቱን ስሞች ደግማ አነበበች። ከዚያ ከሥራቸው ፈረመችና ወጥታ በሩን ዘጋችው።