የረቡዕ ድካም

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ ጭር ይላል። የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲደርስ እናቶች ምድጃቸውን አጥፍተው ይጋደማሉ። የተማሪ አእምሮ ለትምህርት ትኩስ ይሁን ተብሎ፣ ልጅ ሲሮጥ ድካሙ በእጁ አምባር በኩል ወደ ወላጁ እንዲተላለፍ ከታወጀ ወዲህ ነገሩ እንዲህ ሆኗል።

የህሊና እናት ስንዱም ሽሮዋን ከእሳት አውርዳ ፍራሿ ላይ ጋደም አለች። አንድ ጊዜ ድካሙ ቆማ ሳለች ደርሶባት ድስት ይዛ ወድቃለች፤ የድስቱ ጎን እስከ ዛሬ እንደተጨረመተ ነው።

ጠበቀች። ጉልበቷ አልተብረከረከም፤ ትንፋሿም አልተቆራረጠም። ሰዓቱ እየገፋ ሲሄድ ከፍራሿ ተነሳች። "ልጄን ምን አገኛት?" ብላ ነጠላዋን አንስታ ልትወጣ ስትል በሩ ተበረገደ።

ህሊና ናት። ላብ በላብ ሆና፣ ቁና ቁና እየተነፈሰች ደጃፉ ላይ ዘፍ አለች።

"ምን ሆነሽ ነው አንቺ ልጅ?"

"አምባሩን ፈትቼ ሮጥኩ፣ እማዬ። ከእንግዲህ የራሴን ድካም ራሴ እችለዋለሁ።"

"መምህርሽስ?"

"ማርክ እቀንስብሻለሁ አሉኝ። ይቀንሱ!"

ስንዱ አጠገቧ ቁጭ ብላ ጫማዋን ፈታችላት። የልጇ እግር እጇ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ የራሷ እግር ግን ጸጥ ብሏል። እፎይ አለች።

"ለመሆኑ ስንተኛ ወጣሽ?"

"መጨረሻ!" አለች ህሊና፣ ሳቅና ሳል እየተናነቃት።

ስንዱ ብድግ ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። በየቤታቸው የተጋደሙት ጎረቤቶች ልጅቷ አንደኛ የወጣች መሰላቸው።