የኮሪን አንቀጽ

ኮሪን አንቀጾቹን እየዘለለች የራሷን ትፈልጋለች። በመምህሯ በሚስስ ፔቲግሩ ክፍል የሌላውን ንባብ የሚሰማ የለም፤ ንባቡ ከወንበር ወንበር ሲዞር እያንዳንዱ የሚደርሰውን አንቀጽ አስቀድሞ ቆጥሮ ያጠናል።

መጽሐፉ የድሮ ነው፤ የአንድ ነጭ ልጅንና ከጌታው የኮበለለ ጥቁር ባሪያን ወዳጅነት ይተርካል። በኮሪን አንቀጽ መካከል ጥቁሮች የሚዋረዱበት ያ ስድብ ተጋድሟል። እራት ላይ አባቷ እንደ ጨው የሚነሰንሰው ቃል ነው። እዚህ ግን ከኋላዋ ጥቁሯ ቨርኒስ አለች፤ የሚሲሲፒ ግዛት በስንት ግፊት ነጭና ጥቁር ልጆችን አንድ ክፍል ካስቀመጠች ወዲህ ያገኘቻት የልብ ጓደኛዋ።

ቨርኒስ በእርሳስ ጀርባዋን ወጋ ታደርጋታለች። «ስሚ፣ ዛሬ ደግሞ እንደ ሰባኪያችሁ እንዳታላዝኚብን።»

«አንቺ ስታነቢ ዝንቡ እንኳ ያንቀላፋል፤ ዝም በይ!»

ሁለቱም ሳቃቸውን አፍነው ይንፈቀፈቃሉ። ከኮሪን ፊት ያለው ልጅ ማንበብ ሲጀምር የኮሪን እጅ ሽቅብ ይወጣል።

«ሚስስ ፔቲግሩ፣ መጸዳጃ ቤት ልሂድ?»

«ተራሽ ሊደርስ ሲል?»

«ሆዴን ቆረጠኝ፣ እባክዎ።»

«በይ ሂጂ። ቀጣዩ ያነባል።»

በጓደኛዬ ፊትማ ከአፌ አይወጣም እያለች፣ በራሷ ኮርታ፣ በኋለኛው በር ትወጣለች። በሩ ሲዘጋ ነው ክው የምትለው። ቀጣዩ ማን ሆነና!

የቨርኒስ ድምፅ ይመጣል፤ ይፈጥናል፤ ድንገት ይቆማል። ከወደ መስኮቱ አንዱ ይስቃል።

«የተጻፈውን ማንበብ ነው እንጂ፣ ልጄ» ይላሉ ሚስስ ፔቲግሩ፣ በለሰለሰ አንደበት።

የበሩ እጀታ በኮሪን መዳፍ ውስጥ ነው። ገብቶ «ተሻለኝ፤ ተራው የኔ ነው» ማለት፣ በቃ። እጀታው በላቧ ይርሳል እንጂ አይዞርም።

ቨርኒስ ታነበዋለች። ጮክ ብላ፣ ጥርት አድርጋ።

ኮሪን ስትመለስ ንባቡ ብዙ ወንበር አልፏል። ቨርኒስ አጠገብ ስትደርስ «ሆዴን እኮ...» ብላ ትጀምራለች። ሁሉም ይቆጥራል። ቨርኒስም ቆጥራ ነበር፤ አንቀጹ የማን እንደነበረ ታውቃለች።

ቨርኒስ ቀና አትልም። መተላለፊያው ላይ የዘረጋችውን እግሯን ሰብስባ፣ አያቷ ቤታቸውን ለምትጠርግላቸው ነጮች በምትናገርበት ድምፅ፣

«ይለፉ፣ ሚስ ኮሪን» ትላታለች።