የማይሞላው ስልክ

ክሪሳንቲ ስልኳን ቁርስ ሳትበላ ሰካችው። አምስት ሰዓት ላይ ብታየው ከአሥራ ስምንት በመቶ ወደ ሠላሳ አንድ በመቶ ብቻ ነው የደረሰው።

ቻርጀሩ አዲስ ነበር። ከእሱ በፊት የነበረውም አዲስ ነበር። መሳቢያው ውስጥ ሌሎች አራት ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ማን እንደገዛቸው አታውቅም፤ ባሏ ስታማቲስ ነው ብላ ደመደመች።

በግሪኳ ቮሎስ ከተማ ስልክ ማዞሪያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታለች። ሰው መስመር ላይ ተደብቆ ሲያዳምጥ ትንፋሹን ሳትሰማ ታውቅ ነበር። አሁንም እንደዚያው የሚያዳምጣት ሰው እንዳለ ይሰማታል።

ስታማቲስ ከፋሲካ ወዲህ ሌላ ሰው ሆኗል። የምድጃውን ጋዝ ሳይነግራት ይዘጋዋል። የበር ቁልፏ ከቦርሳዋ ጠፍቷል። በረንዳ ላይ ሆኖ ከእህቱ ጋር በስልክ ይንሾካሾካል፤ እሷ ብቅ ስትል ወሬውን ወደ ዓሣ ይቀይራል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ወረቀት ይዞ መጥቶ ፈርሚ አላት። ምንድን ነው ብትለው፣ ግድ የለሽም፣ ለአንቺው ነው አላት። አልፈረመችም።

ማክሰኞ ዕለት ለማንም ሳትናገር ወደ ወደቡ ወርዳ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ስታማቲስ በቤት ጫማው እያለከለከ ፊቷ ቆመ። እንዴት እንዳገኛት ስትጠይቀው እንዲሁ ገምቼ ነው አላት።

ስለዚህ ዛሬ ሊታጠብ እስኪገባ ጠበቀች። ሁለት ቀሚስና መታወቂያዋን ቦርሳ ውስጥ ከትታ ወጣች። ላሪሳ ከተማ ወዳለችው እህቷ ዘንድ ልትሄድ ነው። ነገር ግን ያ ስልክ ያለችበትን እየነገረባት የትም አታመልጥም። ከገበያው ጀርባ ወዳለው ስልክ ጠጋኝ፣ ወደ ላዛሮስ ሱቅ ገባች።

ላዛሮስ ገና ሳትናገር ወንበር ሳበላት። ቻርጀሩን ተቀብሎ በትንሽ መለኪያ ለካው፤ የስልኩን ቀዳዳ በመርፌ ጠረገው።

«ቻርጀሩ ጤነኛ ነው እትዬ» አላት ቀስ ብሎ። «ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የገመድ ነው፤ ቀጭን ገመድ ኃይል አያሳልፍም። የእርስዎ ግን ወፍራም ነው። ኃይሉን የሚበላው ስልኩ ራሱ ነው። ያሉበትን ቦታና ድምፅዎን ሳያርፍ ይልካል። የተቀዳውን ያህል ስለሚፈስ እኮ ነው የማይሞላው።»

ክሪሳንቲ እጇን ጉልበቷ ላይ ጨበጠች። «ለማን ነው የሚልከው?»

ላዛሮስ ቻርጀሩን መጠቅለል ጀመረ።

«ለባሌ ነው። አይደለም እንዴ?»

«ለእሳቸው ነው።»

«ዝጋልኝ ልጄ። አሁኑኑ። አውቶቡሱ ስድስት ተኩል ላይ ይነሳል።»

እሺም እንቢም አላላትም። ትንሽ እንድትጠብቀው ነግሯት ወደ ጓዳ ገባ። ከመጋረጃው ጀርባ ዝቅ ባለ ድምፅ የሱቁን ስም ለሰው ሲናገር ሰማችው። ሲመለስ ወደ ጠረጴዛው አልሄደም፤ በእሷና በበሩ መካከል ቆመ።

ክሪሳንቲ ተነሳች። በሱቁ መስኮት በኩል ስታማቲስ ፀጉሩ ውኃ እያንጠባጠበ መንገዱን ሲሻገር አየችው።

«አንተም ከእሱ ጋር ነህ» አለችው ላዛሮስን። «በልጄ ዕድሜ ያለህ ሰው። ምን ሰጠህ?»

ላዛሮስ እጁን ወደ ጠረጴዛው ዘርግቶ ከመሳቢያው ጫፉ ያለቀ፣ ደጋግሞ የተከፈተና የታጠፈ ወረቀት አወጣና በእጇ አስያዛት። ክሪሳንቲ ዘረጋችው። ጽሕፈቱ የራሷ ነበር።

«ላዛሮስ፦ ሐኪሙ ስለ መርሳት ሕመሜ የነገረኝን ማታ ለስታማቲስ እነግረዋለሁ። ያለሁበትንና ድምፄን ለእሱ የሚልከውን ይህን መስመር ያስከፈትኩህ እኔ ነኝ፤ አንድ ቀን መጥቼ ዝጋልኝ ብዬ ብለምንህ እሺ እንዳትለኝ። ክሪሳንቲ።»