ከጥይት ክንድ ላይ የወረደው ጨርቅ

«አውልቂው...»

መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ታኬታዋን ታስር የነበረችው አጥቂ ቀና አለች።

«ምኑን?»

«ክንድሽ ላይ ያለውን። ዛሬ አምበሏ በረኛዋ ናት» አለ አሰልጣኙ።

አንዷ ማስቲካዋን ማኘክ እንኳ አቆመች።

አጥቂዋን የቡድኑ ልጆች «ጥይት» ነው የሚሏት። እግሯ ኳስ ከነካ የሚይዛት የለም። ተመልካቹም የሚመጣው እሷን ብሎ ነው።

ለዚህ ነው የዘንድሮው ውድድር ሲጀመር «አምበል ማን ይሁን?» ብሎ የጠየቀ ያልነበረው። ጎበዟ እያለች ማን ሊሆን ነው?

በረኛዋ ደግሞ ቅጽል ስሟ «ሽማግሌ» ነው። የተጣላ ታስታርቃለች፣ ያኮረፈ ታባብላለች። ኳስ መያዙ ላይ ግን... ይቅር፣ ሰው አንማ።

ጥይት የአምበልነቱን ጨርቅ አወለቀች። ለነገሩ አላስቸገራትም። ጠዋት ስታጠልቀው ራሱ እየተንሸራተተ ክርኗ ላይ ሲወርድባት «ይሄን ያህል ከሳሁ እንዴ?» ብላ ነበር።

ሽማግሌ ክንድ ላይ ግን ልክክ አለ።

«እኔ አልለመንኩም» አለች ሽማግሌ ቀስ ብላ።

«ማን ጠየቀሽ?»

እውነቱን ለመናገር፣ ጥይት ያን ጨርቅ ካጠለቀች ወዲህ አንድም ጎል አላገባችም።

ከዳኛ ጋር መከራከር እሷ... የተጣሉትን ማስታረቅ እሷ... ተቀይራ የወጣችውን ማጽናናት እሷ...

አላወቀችበትም። ስትመክር ቁጣ ይሆንባታል፣ ስትቆጣ ያለቅሱባታል። ቤቷ ገብታ እንኳ «ዛሬ ማን አኮረፈችኝ?» እያለች ስታብሰለስል ታመሻለች።

ቡድኑም ቁልቁል ወረደ። ዛሬ ከተሸነፉ ከምድቡ ይሰናበታሉ።

ለማንም አልተናገረችም እንጂ፣ ከዛሬው ጨዋታ በኋላ ታኬታዋን ለሰው ሰጥታ ኳስ ልትተው ቆርጣ ነበር።

እና አሁን ይሄ... በመጨረሻዋ ቀን፣ በሰው ፊት።

«አሰልጣኙ ጆሮ ውስጥ የገባችው ይቺ ሽማግሌ ናት» እያለች፣ እንባዋን እየዋጠች ሜዳ ገባች።

ጨዋታው ገና ከመጀመሩ ሁለቱ ተከላካዮች ተነካከሱ። «የኔ ኳስ ነበረች»... «ምን አባቷ ነው የምታወራው?»...

ጥይት እንደ ልማዷ ሩጫዋን አቁማ ወደ ኋላ ዞረች።

«አንቺ ወዴት ነው?» አለች ሽማግሌ ከጎሉ ሆና። «የነሱ ጣጣ የኔ ነው። ያንቺ ጣጣ እዚያ ማዶ ያለው መረብ ነው።»

ጥይት ተናደደች... ግን ወደ ማዶው መረብ ዞረች።

ትንሽ ቆይቶ ዳኛው ተሳስቶ ፊሽካ ነፋ። ሽማግሌ ከጎሏ ድረስ ቱስ ቱስ እያለች መጣችና «ጋሼ፣ እስቲ ትንፋሼን ልሰብስብና እንነጋገራለን» አለችው።

ዳኛው ሳይቀር ፈገግ አለ።

ጥይትም ሳታስበው ሳቀች። ሜዳ ላይ ከሳቀች ስንት ጊዜዋ...

ትከሻዋ ቀለላት። ኳሷ መጣች። አንዷን አለፈች... ሌላዋን አለፈች... መረቡ ተነቃነቀ።

ከእረፍት መልስ ደገመችው።

አሸነፉ።

ሁሉም ተቃቅፈው ሲዘሉ ሽማግሌ ጨርቁን አውልቃ መጣች።

«እንኪ፣ ዛሬ ያተረፍሽን አንቺ ነሽ። ላንቺ ነው የሚገባው።»

ጥይት ተቀበለቻት። ልታጠልቀው ስትል ዓይኗ ጠርዙ ላይ አረፈ።

የተጨመረ ቁራጭ አለ። አዲስ ስፌት ነው... ደቃቅ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ጫፉ ላይ ተመልሶ የተቋጠረ።

ይሄን ስፌት ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ዩኒፎርሟ ላይ፣ ማሊያዋ ላይ...

የእናቷ እጅ ነው።

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። ጨርቁን መጀመሪያም በልጇ ክንድ ለክታ፣ ለጎረቤት ሁሉ እያሳየች የሰፋችው እሷ ናት። ሰሞኑን ደግሞ «ቆሽሿል፣ አምጪው ልጠበው» ብላ ወስዳው ነበር።

ቤት ስትገባ እናቷ የስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳለች።

«እማ... ይሄን ለማን ክንድ ነው ያሰፋሽው?»

መኪናው ቆመ።

«ለዚያች ለበረኛዋ። ማሊያዋን ስሰፋላት ልኳን ይዣለሁ።»

«አሰልጣኙ ጋ የሄድሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ለምኜው ነው።»

«ለምን? ከኔ በላይ ደስ ያለሽ አንቺ አልነበርሽ?»

«ደስማ ብሎኝ ነበር። ግን ልጄ... በየማለዳው ኳስሽን ከግቢው ግድግዳ ጋር ስታላትሚ ጎረቤት ይሰድበን ነበር፣ ትዝ ይልሻል? ይሄን ጨርቅ ካጠለቅሽ ወዲህ ግድግዳው ዝም አለ። ጎረቤት 'ተመስገን' አለ... እኔ እንቅልፍ አጣሁ።»

ጥይት ጨርቁን በእጇ አገላበጠች።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። እግዜር ላንቺ እግር ሰጠሽ፣ ለሷ ሰው መያዝ ሰጣት። ብትካፈሉት ምን አለበት?»

«ለኔ ብትነግሪኝስ?»

«ትሰሚኝ ነበር?... ከኳሱ ጋር ከምትጣዪ፣ ከኔ ጋር ብትጣዪ ይሻላል ብዬ ነው።»

ጥይት ሳቀች... እንባዋ እየወረደ። በመርፌ የሻከረውን የእናቷን ጣት ይዛ ሳመችው።

«እግዜር ይስጥልኝ እማ።»

በቀጣዩ ልምምድ ጨርቁን በገዛ እጇ ሽማግሌ ክንድ ላይ አጠለቀችላት።

«በልቤ አምቼሽ ነበር፣ ይቅር በይኝ።»

«ይቅር ብያለሁ። ብቻ ዳኛ ሳናግር አትሳቂብኝ።»

በነጋታው ማለዳ...

ዷ... ዷ... ዷ...

«ኧረ በሕግ አምላክ፣ ደግሞ ጀመራት?» አለ ጎረቤት ከአጥር ማዶ።

እናት ብርድ ልብሷን ሳብ አድርጋ፣ «ተመስገን» አለችና ተመልሳ ተኛች።

ወዳጆቼ... መምራት ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ለጎበዝ ሁሉ እንደ ሽልማት አይታደልም። አንዳንዴ ደግሞ «ተቀማሁ» ብለን ያለቀስንበት ነገር፣ የሚወደን ሰው ከላያችን ያወረደልን ሸክም ሆኖ ይገኛል።

እናንተስ ምን ትላላችሁ... የቡድን ጎበዝ የግድ አምበል መሆን አለበት? እናትየዋስ ለልጇ ሳትነግር ማድረጓ ልክ ነበር?

ሳትለምኑት ሸክማችሁን ያወረደላችሁ ሰው ካለ፣ እዚህ ኮመንት ላይ አንዴ አመስግኑት። ምናልባት ያነበው ይሆናል...