ከእጅ ወደ እጅ

ልጅ ሳለሁ አባቴና ጎረቤታችን ደጃፍ ላይ ሲጫወቱ ሰምቼ ግማሹ የጠፋብኝ ወሬ አለ። «ዩኒቨርሲቲው ቁልፍህን ከእጅ ወደ እጅ ሳታስረክብ አያሰናብትህም» አለ አንዱ። «ብሞትስ?» «ብትሞትም!» ተሳሳቁ።

ዘንድሮ ታናሽ እህቴ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ውስጥ በዕቃ አጣቢነት ተቀጠረች። ከእሷ በፊት የነበሩት ሽማግሌ፣ ነፍስ ይማር፣ ሳያስረክቡ በድንገት ስላረፉና ቁልፋቸውም ስለጠፋ ለበሩ አዲስ ቁልፍ ተገጠመ። እሷ ግን ጠዋት ጠዋት ስትከፍት የብርጭቆ ዕቃው ሁሉ ታጥቦ፣ ውሃው ገና ሲንጠባጠብ ታገኘዋለች።

«ሥራውን ልለቅ ነው» አለችው የሰው ኃይል ኃላፊውን።

«የሚያጥብልሽ አግኝተሽ ደግሞ ታማርሪያለሽ?» ብሎ ሳቀባት። «የሙከራ ጊዜሽን ሳትጨርሺ ከሄድሽ መልሰን አንቀጥርሽም።»

ልጆቿን ብቻዋን ነው የምታሳድገው፤ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ይህን ስትነግረኝ የአባቴ ጨዋታ ትዝ አለኝ። «እቱ፣ ለምን አትረከቢያቸውም?»

«ከማን? አብደሃል እንዴ?»

ስንት ቀን እምቢ አለች። ዛሬ ጠዋት ግን እኔን አስከትላ ገባች። ውሃው እየተንጠባጠበ ነበር። የፈጣሪን ስም ጠራችና፣ «ጋሼ፣ ተረክቤያለሁ፤ ይረፉ» ብላ መዳፏን ወደ ባዶው ወንበር ዘረጋች።

መዳፏ ዝቅ አለ። አሮጌው ቁልፍ ነው፤ ከሰው ኪስ እንደወጣ ገና ይሞቃል።